ስለ መኪና መመርመሪያ መሣሪያ አመራረጥ፤ ደግሞም ስለ ቸኰለው ፍርዳችን

የዚህ ገጽ አንባቢዎች ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት አያያዝ የሚጻፈውን ዘወትር እንደሚወዱ እናውቃለን። ዛሬ የምንጽፈው ግን ስለ መኪና ነውና «ይህ የጋራዥ ነገር በቤተ ሰብ ገጽ ምን ሊያደርግ መጣ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ዳሩ ግን በዛሬው ዘመን መኪና ባለበት ቤት፥ መኪናይቱ እንደ ቀድሞዋ በቅሎ የቤቱ አንድ ክፍል ሆናለች። ሕመምተኛ ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው፥ እህል ከገጠር የሚመጣው፥ የራቀ ዘመድ የሚጠየቀው በእርስዋ ነው። በእርስዋም ምክንያት በቤታችን ኀዘን ገብቶ ነበርና፥ ኀዘኑ እንዴት እንደ መጣና እንዴት እንደ ተወገደ ብንጽፍ ለሌላው ይጠቅማል ብለን አሰብን።

እኛ በአዳማ ከተማ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የምንተዳደር ሰው ነን፤ ዕድሜያችንም ከ40 አልፏል። በልጅነታችን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ፊደልና ዳዊት ቈጥረን፥ ኋላም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሒሳብና የተፈጥሮን ትምህርት ተምረናል። ስለ ሞተር ግን ከሁለቱም ትምህርት ቤቶች ያገኘነው ነገር የለም። ያለችን መኪና በአራቱም ጎማ የምትስብ፥ ባለ ሁለት ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ ናት፤ ሞተርዋም በናፍጣ የሚሠራ ባለ 2.5 ሊትር ነው። ከባለቤታችን ወንድም ጋር ገንዘብ አዋጥተን የገዛናት፥ ባቱ አጠገብ ካለችው ትንሽ እርሻችን ሽንኵርት እንድታመጣልን፥ አሰላ ያሉትንም አማታችንን እንድንጠይቅባት ነበር።

በ2016 ዓ.ም. በግንቦት ወር አማታችን ታመው «ድረሱልኝ» የሚል መልእክት መጣ። ከዚያ ቀን በፊት ልጃችን ወደ ባቱ ሄዶ ሽንኵርት ጭኖ ማታ ተመልሶ ነበር። ልጃችን የ20 ዓመት ጕልማሳ ነው፤ መንጃ ፈቃድም አለው። በማግሥቱ በማለዳ ባለቤታችንንና ልጃችንን ይዘን፥ መሪውን እኛው ጨብጠን ተነሣን። ከአዳማ እስከ አሰላ ያለው መንገድ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር አለፍ ስትል፥ አሰላ ከ2,400 ሜትር በላይ ናትና፥ መኪና በዚያች አጭር መንገድ 800 ሜትር ያህል ከፍታ ይወጣል። ሲሄድ ምንም አልሆነም። ስንመለስ ሕመምተኛይቱን በኋላ ወንበር አስተኝተን ቍልቍለቱን ወረድን፤ ነገር ግን መድኀኒታቸውን ረስተን ኖሮ ከዴራ ተመልሰን ዳግመኛ ወደ ኢተያ ሽቅብ ወጣን። ፀሐዩ በርትቶ ነበር። ከፊታችን ጭነት የበዛባቸው መኪናዎች ይጎተቱ ነበርና ከኋላቸው በዝግታ ስንከተል፥ ድንገት ከኮፈኑ ሥር ነጭ እንፋሎት ተነሣ። ሞተሩም ጠፋ።

አማታችን ትኵሳት ይዟቸው ከመንገድ ዳር፥ ጥላ ከሌለው ስፍራ፥ በነጠላ ተጋርደው ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጡ። በዚያ ጊዜ እኛ ያደረግነውን ስናስበው እስከ ዛሬ እናፍራለን። ወደ ልጃችን ዘወር ብለን፥ በአያቱና በእናቱ ፊት፥ ሊረዱን በቆሙትም መንገደኞች ፊት፥ «ይህን ያደረግህ አንተ ነህ፤ ትናንት ከባልንጀሮችህ ጋር ስትሮጥባት ሞተሩን አቃጥለኸዋል፤ ውኃውንም ሳታይ አስረከብኸን» ብለን ጮኽንበት። እርሱም «አባባ፥ ውኃውን አይቻለሁ» አለ፤ ሁለተኛም ቃል አልጨመረም። ማታ ቤት ስንገባ ቍልፉን ከጠረጴዛው ላይ አኖረና ወደ ክፍሉ ገባ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሦስት ወር ሙሉ መሪ አልነካም፤ በገበታም ቢቀመጥ ከ«እሺ» እና ከ«የለም» በቀር ከአፉ የሚወጣ ነገር አልነበረም።

አማታችን በሌላ ሰው መኪና ተወስደው፥ እግዚአብሔር ይመስገን፥ ዳኑ። መኪናይቱ ግን ቴስታታዋ ወርዶ ጋርኒሲዮንዋ ተለወጠ፤ የከፈልነውም ገንዘብ የብዙ ወር ደመወዛችንን በላ። መካኒኩም «አሁን ጤነኛ ናት» ብሎ ሰጠን። ይሁን እንጂ በነሐሴ ወር አሰላ ገበያ መካከል ቆመን ሰው ስንጠብቅ፥ የሙቀቱ መርፌ ወደ ቀዩ መስመር ሲጀምር አየንና ፈጥነን አጠፋናት። ያን ቀን ልጃችን መኪናይቱን ከነካ ሦስት ወር ሆኖት ነበር።

ማታ ለባለቤታችን ይህን ነገር ብንነግራቸው እንዲህ አሉን፤ «እርስዎ በፍርድ ቤት ቀኑን ሙሉ የምስክር ቃል ሲጽፉ ይውላሉ። በልጅዎ ላይ በፈረዱ ጊዜ ግን ማንን ምስክር ጠሩ?» የምንመልሰው አጣን። ፍትሐ ነገሥቱም የዛሬው ሕግ ያለ ማስረጃ ሰው እንዳይፈረድበት ያዝዛሉና፥ ይህን ሁሉ ስናውቅ በቤታችን ግን የቸኰለ አፍሶ ለቀመ እንደ ተባለው ሆነን ተገኘን። ስለዚህ የመኪናይቱን ነገር ከሥሩ የሚመሰክርልን መሣሪያ ለመፈለግ ቈረጥን።

በመጀመሪያ ያወቅነው ነገር ይህ ነው። መሣሪያ ከመግዛት በፊት መጠየቅ የሚገባው «ሞተሩ ኮምፒውተር አለውን?» ተብሎ ነው። የባለቤታችን ወንድም ሌላ አሮጌ ላንድ ክሩዘር አላቸው፤ ሞተሩ 1ኤችዜድ የሚባለው ባለ 6 ሲሊንደር፥ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ነው። ይህ ሞተር በአገራችን በብዙ መሥሪያ ቤት ሲያገለግል የኖረ ብርቱ ሞተር ሲሆን፥ ናፍጣውን የሚረጨው በብረት ፖምፓ እንጂ በኮምፒውተር ትእዛዝ አይደለም። እንግዲህ እንዲህ ላለው መኪና የኮምፒውተር መመርመሪያ መግዛት፥ አንደበት የሌለውን ምስክር ቃልህን ስጥ እንደ ማለት ነው። የእኛይቱ ግን ናፍጣው በኮምፒውተር የሚታዘዝ ነውና ልትናገር ትችላለች።

ሁለተኛ፥ ከመሪው በታች ያለውን መሰኪያ ማየት ያስፈልጋል። በአሜሪካ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1996 ሞዴል ጀምሮ፥ መኪናዎች ሁሉ ኦቢዲ ሁለት የሚባለውን አንድ ዓይነት ባለ 16 ቀዳዳ መሰኪያና አንድ ዓይነት ቋንቋ እንዲይዙ ሕግ ተደነገገ። በአውሮፓም በቤንዚን ለሚሠሩት ከ2001፥ በናፍጣ ለሚሠሩት ከ2004 ጀምሮ እንደዚሁ ሆነ። ነገር ግን ወደ እኛ አገር ከሚገቡት ብዙዎቹ ለባሕረ ሰላጤ አገሮችና ለሌላው ዓለም የተሠሩ ናቸውና በዚያ ሕግ አይገደዱም። ከዚህም የተነሣ መሰኪያው አንድ ሆኖ ሳለ፥ ሞተሩ የሠሪውን የራሱን ቋንቋ ብቻ የሚናገርበት ጊዜ አለ። ስለዚህ መሣሪያውን ከመክፈል በፊት በራስ መኪና ላይ ሰክቶ መሞከር ይገባል፤ «በሌላው መኪና ይሠራል» የሚለውን የሻጩን ቃል ብቻ መቀበል አይበቃም።

ሦስተኛ፥ መሣሪያዎቹ አራት ዓይነት እንደ ሆኑ ተረዳን። አንደኛው ከክብሪት ቤት እምብዛም የማይበልጥ፥ ከመሰኪያው ገብቶ ያየውን በብሉቱዝ ወደ ስልክ የሚልክ ነው። ብዙዎቹ ኤልም 327 በሚባለው፥ አንድ የካናዳ ኩባንያ ባወጣው አሠራር የሚሠሩ ናቸው፤ ያ ኩባንያ በ2014 ዓ.ም. ሥራውን ቢያቆምም አስመስለው የሠሩት ገበያውን ሞልተውታል። ከእነዚህም አንዳንዱ ጥያቄውን ግማሹን ብቻ ተረድቶ ግማሹን ይተወዋል። ደግሞም አይፎን የያዘ ሰው ተራውን የብሉቱዝ ዓይነት ገዝቶ እንዳይጸጸት፥ በዋይፋይ ወይም ለአይፎን በሚስማማው በአዲሱ ብሉቱዝ የሚሠራውን ይጠይቅ። ሁለተኛው የራሱ መስተዋት ያለው፥ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ነው፤ ስልክ አያሻውም፥ ለጋራዥ ሥራም ይቀላል። ሦስተኛው በታላላቅ ጋራዦች ያለው፥ የሠሪውን ፕሮግራም የያዘ ኮምፒውተር ነው፤ ለቶዮታ ቴክስትሪም የሚባለው ይህን የመሰለ ነው። እርሱ ሞተሩን ብቻ ሳይሆን የፍሬኑንም ኮምፒውተር ይጠይቃል፤ እያንዳንዱ ሲሊንደር ናፍጣ ምን ያህል እንደሚጨመርለት ወይም እንደሚቀነስለት ያሳያል። ለቤት ግን ዋጋው አይገፋም፤ ባስፈለገ ጊዜ ከፍሎ ማስመርመር ይበቃል።

አራተኛው ዓይነት ኮምፒውተሩን የማይጠይቅ፥ ራሱ የሚለካ ነው። ከቴስታታው ብረት ላይ በቡሎን ታስሮ የብረቱን ሙቀት የሚነግር አለ፤ የራዲያተሩ ውኃ ሲጐድል የሚጮህ አለ፤ ከጎማው ቫልቭ ላይ ተጠምዝዞ የአየሩን መጠን የሚያሳይ አለ። ለአሮጌው ላንድ ክሩዘር የሚስማማው ይህ ነው። ለአዲሱም ቢሆን አይናቅም፤ ምክንያቱም ውኃው ፈጽሞ ከፈሰሰ የውኃ ሙቀት መለኪያው በባዶ አየር መካከል ይቀርና ሞተሩ እየነደደ እርሱ ሐሰት ይናገራል። ወደ መተሐራ ለሚወርድ፥ በፈንታሌ ሥር ባለው ጥቁር ድንጋይ ላይ ለሚነዳ፥ የጎማው ጠባቂ ከሁሉ ይቀድምበታል። በሐይቆቹ ዳር ባለው አሸዋ ለመሻገር የጎማውን አየር የሚቀንስ ሰውም፥ ወደ አስፋልቱ ሲመለስ መልሶ መሙላቱን እንዳይዘነጋ ይኸው ጠባቂ ያሳስበዋል።

እኛ ከመጀመሪያው ዓይነት ደኅና የሆነውን አንድ መረጥን፤ ዋጋውም ከአንድ ጎማ ዋጋ በእጅጉ ያነሰ ነው። ሰክተን ብንጠይቀው የጥፋት ቍጥር ምንም የለም አለን። በዚህ ጊዜ ልባችን ወደቀ። ነገር ግን ልጃችንን ጠርተን፥ «አንተ ስልክ ታውቃለህና ይህን ነገር አሳየን» ብንለው፥ በዝምታ መጥቶ አየና፥ «ቍጥር የሚያወጣው ኮምፒውተሩ ራሱ ከወሰን አለፈ ሲል ብቻ ነው፤ ስትሄድ ነው መታየት ያለባት» አለ። ይህ ቃል በሦስት ወር ውስጥ የተናገረው ረጅሙ ቃል ነበር።

እውነትም ነው። እኛ በሥራችን ቋንቋ እንዲህ ተረዳነው፤ የጥፋቱ ቍጥር ክስ ነው፥ እየሄዱ የሚታየው ልክ የምስክር ቃል ነው፥ ፍርዱ ግን ምክንያቱን በእጁ ፈትኖ የሚያረጋግጠው ሰው ነው። ለምሳሌ ፒ0171 የሚል ቍጥር በቤንዚን መኪና ላይ ቢወጣ፥ ነዳጁ ከአየሩ አንሷል ማለት እንጂ ይህ ዕቃ ይለወጥ ማለት አይደለም። ብዙ ሰው ግን ቍጥሩን እንዳየ ውድ ዕቃ ገዝቶ ይለውጣል፤ ኋላም ጥፋቱ የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ ሆኖ ይገኛል። ደግሞም መኪና የሚገዛ ሰው ይጠንቀቅ፤ ሻጩ ቍጥሩን ከገበያ በፊት አጥፍቶት ሊሆን ይችላል። በኦቢዲ ሁለት ሕግ የተሠራ መኪና ቍጥሩ ከጠፋ በኋላ ራሱን እስኪፈትን ድረስ «ምርመራው አልተፈጸመም» እያለ ይቈያልና፥ ይህን የሚያሳየውን ገጽ መጠየቅ መልካም ነው።

በማግሥቱ ቅዳሜ ነበርና ተነሣን። መሪውን እኛ ይዘን፥ ልጃችን ከጎናችን ተቀምጦ ስልኩን እያየ በደብተር ይጽፍ ጀመር። ነጂ ራሱ ስልክ እያየ መንዳት አደጋ ነውና ይህን ሥርዓት ከመጀመሪያው ሠራን። በመጀመሪያ ወደ ሞጆ በፍጥነት መንገዱ ሄድን፤ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየሄድን ውኃው ከ87 እስከ 90 ዲግሪ ብቻ ነበር። ተመልሰን የአሰላውን መንገድ ያዝን። ከዴራ በኋላ ዳገቱ ሲጀምርና ከጭነት መኪናዎች ኋላ በ30 ኪሎ ሜትር ስንጓዝ፥ ልጃችን «96» አለ፤ ቀጥሎም «101»፤ ኢተያ ስንቃረብ «106» አለ። ከፊታችን ያለው መርፌ ግን መካከል ላይ ቆሞ ንቅንቅ አላለም። ለካስ በብዙ መኪናዎች መርፌው ነጂው በትንሹ እንዳይታወክ ተብሎ፥ ሙቀቱ በብዙ ዲግሪ ሲለዋወጥ ከመካከል እንዳይነቃነቅ ሆኖ የተሠራ ነው። እኛ ዕድሜያችንን ሙሉ እውነተኛ ምስክር ብለን የተቀበልነው መርፌ፥ ነገሩ ካለፈ በኋላ የሚደርስ ምስክር ነበር።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን መምህራችን ውኃ አፍልተው የሙቀት መለኪያ ነክረው፥ በአገራችን ከፍታ ውኃ 100 ሳይደርስ በ95 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ አሳይተውን ነበር። ይህ ትዝ አለን። ራዲያተሩ ውኃውን አምቆ ስለሚይዝ እንጂ፥ ክዳኑ የላላ ቢሆን በ106 ዲግሪ እዚያው ፈልቶ በወጣ ነበር። ስለዚህ በደጋ የሚነዳ ሰው የራዲያተሩን ክዳን ትንሽ ዕቃ ነው ብሎ አይናቅ፤ ሞተሩ ሳይበርድም አይክፈተው።

ቆመን ደብተሩን ተመለከትን። ነፋስ በበዛበት ፈጣን መንገድ ቀዝቃዛ ናት፤ በዝግታ ስትጫን ትግላለች። እንግዲህ በዝግታ ጊዜ ነፋስ የሚሰጣት ማራገቢያዋ ደክሟል ማለት ነው። ሞተሩን አጥፍተን፥ ልጃችን ማራገቢያውን በጣቱ ቢነካው እንደ እንዝርት ተሽከረከረ። ሞተሩ ግሎ ሳለ ግን ሊከብደው ይገባ ነበር፤ ማራገቢያውን ከሞተሩ የሚያያይዘው በውስጡ ዘይት ያለው መያዣ ሲግል ይጠብቃልና። እጃችንን ጨብጠን በዝግታ ወደ ቤት ተመለስን።

አሁን የመጨረሻው ምስክር መጣ። እኛ እንደ ሥራችን ልማድ የመኪናይቱን ወረቀት ሁሉ በመዝገብ እናስቀምጣለን። ማታ መዝገቡን ብንገልጥ፥ ከአደጋው አንድ ዓመት በፊት አንድ መካኒክ በጻፈው ሒሳብ ግርጌ «የማራገቢያው መያዣ ደክሟል፥ ቢለወጥ» የሚል አገኘን። ከአጠገቡም በገዛ እጃችን ጽሕፈት «ለወደፊት ይቈይ» ተብሎ ተጽፎበታል። ገንዘብ ለማዳን ብለን የጻፍነው ሁለት ቃል ሞተሩን አቃጠለ፤ አማታችንን ከፀሐይ ላይ ጣለ፤ ልጃችንንም ያለ ጥፋቱ አስኰነነ።

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም። አባት ልጁን ይቅርታ ቢለምን ክብሩ ይቀንሳል የሚል አሳብ ይሟገተን ነበር። ነገር ግን በተሳሳተ ማስረጃ የተሰጠ ፍርድ በይግባኝ እንደሚሻር ከእኛ ይልቅ የሚያውቅ ማን አለ? የተፈረደበትም በአያቱና በእናቱ ፊት ነበርና በስውር መሻር አይገባም። በእሑድ አማታችንን ጠርተን፥ ምሳ ከቀረበ በኋላ መዝገቡን በፊታቸው አነበብንና፥ «ልጄ ሆይ፥ አንተ ውኃውን አይተሃል፤ ወረቀቱን አይቶ እንዳላየ የሆንኩ እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ» አልነው። ልጃችን ተነሥቶ ጕልበታችንን ሳመ። አማታችንም፥ «እኔስ ያን ቀን ፀሐዩ አልጐዳኝም፤ የልጁ ፊት ነበር የጐዳኝ» አሉ።

መያዣው ተለውጦ ዳግመኛ በዚያው ዳገት ብንፈትናት ከ95 ዲግሪ አላለፈችም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መንግሥት ከወሰነ ወዲህ፥ ያለችውን መኪና ጠብቆ ማኖር ለብዙ ቤት ግድ ሆኗልና፥ ምክራችንን በአጭሩ እንዲህ እንደመድማለን። መሣሪያውን ከመግዛት በፊት ሞተሩን እወቅ፤ በራስህ መኪና ላይ ሞክር፤ ቍጥሩን ብቻ ሳይሆን እየሄደች የምትናገረውን ስማ፤ ጤነኛ በነበረች ጊዜ ልኳን ጽፈህ አኑር፥ በታመመች ጊዜ የምታመሳክረው እርሱ ነውና። የባትሪዋንም ነገር አትርሳ፤ ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ገደማ ቢያሳይ ዲናሞው ደኅና ነው። መኪናይቱ ለብዙ ቀን የምትቆም ከሆነ መሣሪያውን ንቀል፤ ባትሪውን ቀስ በቀስ ይጠጣልና።

ዛሬ ወደ አሰላ ስንሄድ የሚነዳው ልጃችን ነው፤ ስልኩን ይዘን ከጎኑ የምንቀመጠው እኛ ነን። ከዴራ በኋላ ዳገቱ ሲጀምር፥ «አባባ፥ ስንት ነው?» ይለናል፤ እኛም መነጽራችንን አስተካክለን እናነብለታለን።